ቤቱን አናፍሱት

አምቦ ውስጥ መኖሪያ ቤቱ ኤሲ ያስገባ ሰው አለ ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ምን ሊያደርግለት? የእኛ ከተማ ሲሞቅ ጥላ፣ ሲበርድ ጋቢ የሚበቃበት አገር ነው። ይሁንና ያንን ሰው ራሴው አገባሁት። ባለቤቴ ገመቹ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜው ያለቀው ጅቡቲ ሲመላለስ ነው። እዚያ ወበቁ ውስጥ ላብ ሲያጠምቀው ውሎ ኤሲ ያለበት ክፍል ሲገባ ገነት የገባ ይመስለዋል፤ ቤት ስሠራ አንዱን አስገባለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ኖሯል። ቤታችን አልቆ እንደገባን፣ የቀለሙ ሽታ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ከመኪናው አወረደ። ያገለገለ ኤሲ ነው፤ ከአንድ የጅቡቲ ነጋዴ መኝታ ቤት የተነቀለ። የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ነው አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆነው መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ አዲሱን ግድግዳ እንዳያበላሽ ብለው ወደ ላይ ቆልምመው በመስኮቱ አናት አሳለፉት። እኔም ቆሜ ሳይ ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። በበጋው ጥቂት ጊዜ አቀዘቀዝንበት፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ከሥሩ ቆሞ ፊቱን አስመታ። ከዚያ ገመቹ ወደ መንገዱ፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስን፤ ኤሲው እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ወይንሸት እባላለሁ። ያኔም ዛሬም ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ደንበኛዬ ነው። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ እርጥበት እየሳበ ማሽኑ ውስጥ ይጨናነቃል፣ ኮፒው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ያኔ መስታወቱን ጠርጌ እሞክራለሁ፤ ካልጠፋ ወረቀቱን እቀይራለሁ፣ እሞክራለሁ፤ ካልጠፋ ቀለሙን አወጣለሁ። አንድ በአንድ እያነሳሁ ጥፋተኛውን ሳላገኝ ማሽን አልዘጋም። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ፣ ምን ይጠበስ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ መያዣ መጨበጫ ባጣበት ሰሞን ነው። እናቴ በሕይወት የለችም። ስለዚህ ልታርሰኝ የመጣችው የገመቹ እናት ናት፤ ናቸው ልበል እንጂ፣ አደ፣ ማለትም እመት፣ አያንቱን አንቺ የሚል ሰው ሸነንም አምቦም አልተወለደም። ከሸነን ድረስ በዚያ ጭቃ ቅቤያቸውንና የገብስ ዱቄታቸውን አሸክመው መጡ። ሀርሜ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም ልጄ ሲሉ ኢንተላ ኮ ይሉኛል። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ የሳቸው አማርኛ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንዱ ሲያንሰን በሌላው እየሞላን እንግባባ ነበር። እንግባባ ነበር ስል፣ ከአንዲት ቃል በስተቀር።

ሀርሜ ስምንት ልጅ የወለዱ፣ የስንቱን አራስ ቤት የመሩ ሴት ናቸው። የሚፈሩት ነገር አንድ ነው፤ ነፋስ። በመጡ ዕለት የመኝታ ቤቱን መስኮት ዘጉ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፉ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ኤሲውን መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ገመቹ ከመንገድ ደውሎ የሚያሞቀውን ቁልፍ ሲነግረኝና ሞቅ ያለው አየር መውረድ ሲጀምር ግን እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጄ የላከልኝ ፀሐይ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይንካው! የልጅቷ እርጥብ ጨርቅ እዚያው ውስጥ ይደርቃል፣ የአጥሚቱ እንፋሎት እዚያው ይቀራል፣ መስኮቱ በላብ ተነክሮ ይውላል። ሁላችንም ሞቆን ደስ ብሎናል።

ልጄን ቢፍቱ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ የማለዳ ፀሐይ ማለት ነው። ጤነኛ ሆና ነው የተወለደችው፤ ሆስፒታል ውስጥ ጩኸቷ ኮሪደሩን ያናውጥ ነበር። ቤት ገብተን ጥቂት እንደቆየን አፍንጫዋ መዘጋት ጀመረ። ቀጥሎ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። እኔም ጉሮሮዬን ይበላኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። ሀርሜ ብርድ ነው አሉና ሙቀቱን ጨመሩ። ባሰባት። ሌላ ስንጥቅ ፈልገው ወተፉ። አሁንም ባሰባት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ዕለት ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቢፍቱ ጡት እንቢ አለች። ትይዝና ትንፋሽ ሲያጥራት ትለቃለች፣ ትይዝና ትለቃለች። ልብሷን ገልጬ ሳይ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ተነስቼ መልበስ ጀመርኩ።

ሀርሜ ወዴት ነው አሉኝ። ሐኪም ቤት አልኳቸው። አራስ ገና ክርስትና ሳታስነሳ በዚህ ዝናብ ትወጣለች? ልጅቷንም ራስሽንም ልትገይ ነው? አሉ። ጫማዬን አሰርኩ። ከልቤ መሆኔን ሲያዩ መከልከሉን ተዉትና መጠቅለል ጀመሩ፤ ልጅቷን በፎጣ፣ በፎጣው ላይ በነጠላ፣ በነጠላው ላይ በጋቢ። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ሄደው ቢላ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። አራስ ብረት ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም፤ ክፉ መንፈስ ይለክፋታል። በሌላ ቀን ቢሆን እከራከር ነበር። ቢላዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ያገኘነው ባጃጅ የጎን ላስቲኩ የተቀደደ ነው። ነፋሱም ዝናቡም በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሀርሜ ልጅቷን በሰውነታቸው ከልለው ዋቀዮ፣ ዋቀዮ እያሉ አምላካቸውን ሲጠሩ፣ እኔ እጄን በጋቢው ሥር አስገብቼ ደረቷን እዳብሳለሁ። የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር አንድ ነገር ተሰማኝ። ሲርሲርታው ቀንሷል። ጆሮዬ ነው አልኩ፤ የባጃጁ ጩኸት ነው አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋ ነበር። ተቀመጡ የተባልንበት አግዳሚ መስኮቱ መስታወት የሌለው ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ልጄ ዓይኗን ገለጠች፣ አፏን ወዲህ ወዲያ አደረገች፣ ጡቴን ፈለገች። ሰጠኋት። እየተቆራረጠም ቢሆን ጠባች። ሀርሜ መንገድ ለመንገድ የጸለዩት ጸሎት የሠራ መሰላቸው፤ እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

የተቀበለችን ነርስ ወጣት ናት፤ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። ደረቷን ደጋግማ አዳመጠች፣ ሙቀቷን ለካች። ትኩሳት የላትም። ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው፤ ለጊዜው እዚሁ ቆይታ ትታይ አለ። ሲስተር ጫልቱ አፍንጫዋን በጠብታ አጸዳችላትና ጥያቄዋን ትደረድር ጀመር። ከሰል ታያይዛላችሁ? የለም። እንጨት እዚያው ይነዳል? የለም፣ ኤሲ አለን አሉ ሀርሜ፣ ኮራ ብለው። ነርሷ ቤቱ ይታፈናል ማለት ነው አለችና፣ ያቺን ቃል ተናገረች።

«ቤቱን አናፍሱት።»

የሀርሜ ፊት ጠቆረ። አናፍሱት! ሰው አራስ ቤት ነፋስ አስገቡ ይላል? የነጠላቸውን ጫፍ ጥብቅ አድርገው ጨበጡ፤ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። እኔ ላስተካክል ብዬ፣ ነፋስ አይደለም ሀርሜ፣ አየር ለማለት ነው አልኳቸው። አየር ምንድነው አሉኝ። በኦሮምኛ ልንገራቸው ብዬ ቂሌንሳ አልኩ። ይባስ! ቂሌንሳ አየርም ነው፣ ነፋስም ነው። ስምንት ልጅ ያሳደጉበትን ፍርሃት በራሳቸው ቋንቋ ደግሜ ነገርኳቸው ማለት ነው። ሲስተር ጫልቱም ኦሮምኛ ተናጋሪ ናትና በኦሮምኛ ልታስረዳ ሞከረች፤ ሀርሜ ግን ጆሯቸውን ዘግተዋል።

እስከ ከሰዓት በኋላው አጋማሽ እዚያ ቆየን። ቢፍቱ ተኛች፣ ጠባች፣ ቆዳዋም መሰርጎዱን ተወ። ሐኪሙ ደግሞ አያትና ሂዱ አለን፤ ትንፋሿ ከባሰ ግን አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ተመለሱ አለ፤ ሲስተር ጫልቱም ደግማ አስረገጠችልን። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ የመኝታ ቤቱ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ሀርሜ ስንወጣ ኤሲውን አላጠፉትም ነበር። ልጄን አስተኛኋት፣ እኔም አጥሚቴን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አጥሚቱ ሳያልቅ ሲርሲርታው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ቆዳዋ መሰርጎድ ጀመረ። አነሳኋት፤ ልታለቅስ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከንፈሯ ዙሪያ አመድ መሰለ።

ሀርሜ ገብተው አዩ። እየጮሁ አልነበረም፤ ረጋ ብለው ነው የተናገሩት፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ነፋስ መትቷታል። ኢንተላ ኮ፣ ቄሱ ይጠሩ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት ቄስ የሚጠራው ሳትጠመቅ እንዳታልፍ ነው። ሀርሜ ክፋት አስበው አይደለም፤ ለነፍሷ የሚችሉትን የመጨረሻ ነገር ሊያደርጉላት ነው። ለእኔ ግን ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነበር። ወዲያው እልህ ያዘኝ። ልጄ ጠዋት እዚህ ስትታፈን ውጭ ተነፈሰች፣ አሁን ተመልሳ ስትገባ ታፈነች። ነፋስ ቢሆን ኖሮ እዚያ በተቀደደው ባጃጅ ውስጥ፣ እዚያ መስታወት በሌለው መስኮት ሥር በሞተች! ይህንን ስረዳ እግሬ ራሱ ተነሳ።

«ቄስ አይጠራም» አልኳቸው። «ልጄ አትሞትም። ዞር ይበሉልኝ።»

በሕይወቴ አማቴን ዞር ይበሉ ብዬ አላውቅም። ከድንጋጤ የተነሳ ዞር አሉ።

ልጄን አቅፌ በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ በትከሻዬ ገፍቼ ግቢውን ተሻገርኩ። ከዋናው ቤት በስተጀርባ ሰርቪስ ቤት አለን፤ እህልና ቁሳቁስ የምናስቀምጥበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው። ከግድግዳውና ከጣሪያው መሃል አየሩ እንደልቡ ይመላለሳል። የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የልጄን ጋቢ አውልቄ ደረቴ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት። ካልተሻላት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ልበር፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ጎረቤታችን ባጃጅ እንዲጠራልኝ በአጥሩ ላይ ነገርኩት። ትንፋሿን በጉንጬ እያዳመጥኩ ቆየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። የምሬን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ልቅሶ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ሀርሜ ተከትለውኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሲያዩአት ተገረሙ፤ ግን አላመኑም። ጋቢው ነው፣ አውልቀሽላት ነው አሉ። እሺ አልኩ በልቤ፤ እንደ ኮፒ ማሽኔ ጥቁሩን መስመር አንድ በአንድ እንፈልግ። ጋቢውን አለበስኳት፤ ምንም አልሆነችም። ከመኝታ ቤት ብርድ ልብሷን ያምጡልኝ አልኩ፤ አመጡ፣ ጠቀለልኳት፤ ምንም። ትራሷን፣ ቆቧን፤ ምንም። ወተቴ ያው የኔ ወተት ነው። አልጋው ላይ ከነበረው ነገር ሁሉ ያልመጣው ክፍሉ ብቻ ሆነ። ሀርሜንም እያሳተፍኳቸው ስለነበር እሳቸውም እየቆጠሩ መሆናቸውን አየሁ። ባጃጁ ደጃፍ ላይ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ ይጠብቀኝ አልኩ።

«ይያዙልኝ» ብዬ ልጄን ሰጠኋቸውና ወደ መኝታ ቤቱ ተመለስኩ።

በሩን ዘግቼ መሃሉ ላይ ቆምኩ። ከንጹሕ አየር ወጥቶ ለሚገባ ሰው ሽታው ግልጽ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ እንጀራ ተረስቶበት እንደተከፈተ መሶብ። ውስጡ ውለን ስናድር አፍንጫችን ለምዶት ኖሯል። የልጅ ጨርቅ የሚደርቅበትን ገመድ አሸተትኩ፤ እሱ አይደለም። አልጋውን፣ ምንጣፉን፤ አይደለም። ቀና አልኩ። ኤሲው አፉን ከፍቶ ሞቅ ያለውን አየር ቁልቁል አልጋው ላይ ይለቃል።

አጥፍቼው አልጋው ላይ ወጣሁ። ገና የወለድኩ ሴት ነኝ። ክዳኑን ስስበው አልከፈት አለኝ፤ ጥርሱ በቆሻሻ ተጣብቋል። ያኔ ነው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቢላ ትዝ ያለኝ። ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቀኝ የተሰጠኝን ብረት ክዳኑ ሥር አስገብቼ ጠምዘዝ አደረግሁት፤ ቷ ብሎ ተከፈተ።

ማጣሪያው ግራጫ ፀጉር አብቅሏል። እሱን ስስበው ከኋላው ያለው ብረት ታየ፤ ጥቁር። አየሩን የሚገፋው ተሽከርካሪ ጥቁር። ከሥሩ ያለው የውሃ መያዣ ውስጥ ውሃ ቆሞ አተላ ሆኗል። ቱቦው ወደ ላይ ተቆልምሞ እንዴት ይውረድ! በበጋው ስናቀዘቅዝበት የተጠራቀመው እርጥበት፣ ከጅቡቲ ይዞት ከመጣው ጋር ተደምሮ፣ እዚያው ሻግቶ ኖሯል። እኛ ደግሞ ክረምት ሲገባ ክፍሉን ወትፈን፣ እንፋሎት እየመገብነው፣ ያንን ሁሉ በልጄ አፍና አፍንጫ ላይ ስናራግፍ ከረምን። ነጩን ነጠላዬን ወደ ውስጥ ሰድጄ ጠረግሁበት፤ ጠቁሮ ወጣ።

ወደ ሰርቪስ ቤቱ ስመለስ ሀርሜ ልጅቷን እያወዛወዙ ነበር። ነጠላውን ፊታቸው ዘረጋሁት። መጀመሪያ አልተቀበሉም። ልጄ ከጅቡቲ ተሸክሞ ያመጣው ዕቃ ነው፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ አያመጣም አሉ። ገባኝ። የሚከላከሉት ማሽኑን አይደለም። ገመቹ አላወቀም፣ ማንም አላወቀም አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊጥና ገብስ፣ ጌሾና ቅቤ ሲያሸቱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

«ይህማ ሻጋታ ነው» አሉ። ከዚያ ልጅቷን መለሱልኝ።

በጠበቀን ባጃጅ ወደ ሲስተር ጫልቱ ተመለስኩ፤ ሀርሜ አሁን ቢላም አላስያዙኝም፣ ጥቅልሉም ቀለል ብሎ ነበር። ነርሷ ነጠላውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ቢፍቱ እንደገና ታየች፤ ትንፋሿ ደህና ነው፣ ግን ከዚያ ክፍል እንድትርቅ፣ ለቁጥጥርም እንድንመለስ ተነገረን። ሳይመሽ ቤት ደረስን።

ሀርሜ በዚህኛው ጉዞ አልተከተሉኝም፤ ቤት ቀርተው ነበር። ምን እያደረጉ ነው ብዬ ሳሎኑ ውስጥ ስፈልጋቸው አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። መኝታችንን ወደ ሳሎን አዙረውታል። የሳሎኑን መስኮት ከፍተውታል። ዱካ አምጥተው በመስኮቱና በአልጋው መሃል ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው። ምን እያደረጉ ነው አልኳቸው።

«አየሩ ይግባ» አሉኝ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ምንድነው ያሉኝን ቃል አሁን በራሳቸው አፍ ጠሩት። «ነፋሱ ግን እኔን ይምታኝ።»

ጎናቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ ጋቢውን መልቀቅ አልቻሉማ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን የማወራው አያቶቻችንን ለማማት አይደለም። የአደ አያንቱ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሸነን ደጋ ነው፣ በዚያ ብርድ ልጅ የቀበሩ ሴቶችን በዓይናቸው አይተዋል። የነርሷም ቃል ትክክል ነበር። ግን ትክክለኛ ቃል ሰሚው ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ሊገባ እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ምክር ሰጥቶኝ ሲሄድ፣ ወይም እኔ ለሌላው ስሰጥ፣ ምን ማለትህ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ምን ሰማሽ ብዬም እጠይቃለሁ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ደንበኞቼም ይስቁብኛል።

ኤሲ ያላችሁ፣ በተለይ ቆላ ወርዳችሁ የምትኖሩ፣ በእኔ ይሁንባችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት። ማጣሪያው ይታጠብ፣ ቱቦው ወደ ታች ይውረድ። ሲነሳ መሶብ መሶብ ከሸተተ አትልመዱት። ኤሲ የሌላችሁም ብትሆኑ ያው ነው፤ መስኮቱ የተዘጋ፣ ጨርቅ የሚደርቅበት ክፍል ሁሉ የሻጋታ ቤት ነው። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ደግሞ እንኳን ማርያም ማረችሽ ካላችሁ በኋላ ትንሽ አየር ያስፈልጋችኋል በሉ። ይቆጧችኋል። እኔን ስንቴ ተቆጥተውኛል! አሁንም እላለሁ።

ገመቹ ከመንገድ ሲመለስ ነገሩን በስልክ ሰምቶ ስለነበር ዓይኔን ማየት ከብዶት ነው የገባው። ልጁን ታቅፎ ብዙ ቆየ፤ ደረቷ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ደረቷ ጸጥ ብሏል። ኤሲው ታጥቦ በትክክል ቢሰቀል ይሠራ ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳችንም ግን አላነሳነውም። በማግስቱ ኤሲውን ነቅሎ አወረደው፤ ግድግዳውንም ፍቆ በበረኪና አጠበው። ኤሲውን ከውጭው ሞተር ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ግድግዳውን ያለፈበት ቦታ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፤ ውጭው ይታያል፣ ብርሃን በእሱ ገብቶ ወለሉ ላይ ያርፋል።

ሲሚንቶ በሳፋ ለውሶ መጣ። እናቱ ልጅቷን ጀርባቸው ላይ አዝለው ከኋላው ቆመዋል። በግንበኛ ማንኪያ ሲሚንቶውን ዘግኖ ወደ ቀዳዳው ሲያነሳ ክንዱን ያዙት።

«ዺሲ» አሉት። «ተወው፤ እሷ ትተንፍስበት።»